አንዲት መስመር ነክቶ ይህን ሁሉ መጠበቅ!

በሲ ፕላስ ፕላስ ፕሮጀክታችን ሄደር ፋይል (ብዙ ፋይሎች የሚጋሩት ኮድ) ውስጥ አንዲት መስመር ቀየርኩ። ያውም ኮሜንት፣ ለሰው ብቻ የሚጻፍ ማስታወሻ! የፕሮጀክቱ ግማሽ እንደ አዲስ ኮምፓይል መደረግ (ወደ ማሽን ቋንቋ መተርጎም) ጀመረ። የምር ያበሽቃል።

ምክንያቱ ይገባኛል። ሲ ፕላስ ፕላስ ላይ ኢንክሉድ ማለት ፋይሉን እንዳለ ገልብጦ መለጠፍ ነው። አንድን ሄደር 400 ፋይሎች ከጠሩት፣ ኮምፓይለሩ ያንኑ ጽሑፍ 400 ጊዜ ያነባል። የትኛው ፋይል እንደገና ኮምፓይል እንደሚደረግ የሚወስኑት ሜክም ሆነ ኒንጃ የሚያዩት ደግሞ ፋይሉ የተቀየረበትን ሰዓት ነው። ኮሜንት ይሁን ኮድ አይለዩም።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ግን ሴቲንጉ ነው። በየቀኑ የምንሠራበት ቢልድ (ከኮዱ ፕሮግራሙን መገንባት) ላይ ኦ3 እና ሊንክ ታይም ኦፕቲማይዜሽን፣ ማለትም ፕሮግራሙን ለማፍጠን ቢልዱን የሚያዘገዩ ሴቲንጎች፣ አብርቶ የሚተው ሰው ምን አስቦ ነው? እኔ የምፈልገው ባጉን (ስህተቱን) ማግኘት ነው፤ ፍጥነቱ ለሪሊዝ፣ ለተጠቃሚ ለሚወጣው፣ ይቆይ። ያን ሁሉ ጠብቄ ባግ መፈለጊያውን ዲበገር ስከፍት፣ የምፈልገው ቫሪያብል ላይ «ኦፕቲማይዝድ አውት» (ለፍጥነት ሲባል ተወግዷል) ይለኛል። እሺ ለምን ጠበቅኩ? ለዲበግ እኮ ማፍጠኑን የሚያጠፋው ኦ0 አለ፣ ዲበግ ማድረጉን ሳያበላሽ የሚያፈጥነው ኦጂም አለ!

የቀድሞ የኮምፓይል ውጤት የሚያስቀምጠውን ሲሲካሽ እንጠቀም፣ ኮምፓይል የተደረጉትን ክፍሎች የሚያገናኘውን ሊንከርም ወደ ፈጣኖቹ ኤልኤልዲ ወይም ሞልድ እንቀይር ስል መልሱ ያው ነው፦ «የሚሠራ ነገር አይነካም።» ይሄ ነው የሚሠራው? ቢልዱ እስኪያልቅ የያዝኩት ሐሳብ ብን ብሎ ይጠፋል። ምን ልሞክር እንደነበር ለማስታወስ ኮዱን ከላይ ጀምሬ አነባለሁ። ከዚያ ሌላ ቢልድ።

ኧረ ቢያንስ የዲበጉንና የሪሊዙን ሴቲንግ ለዩልን! ጥቂት መስመር ነው እኮ።