ራዳሩ ቱሉ ዲምቱም ይድረስ

ሰሞኑን ያነበብኩት አንድ ጽሑፍ ብሉምበርግ ፊላንትሮፒስ የተባለው የአሜሪካ በጎ አድራጎት ድርጅት ለአዲስ አበባ የመንገድ ደህንነት የሚሰጠውን ድጋፍ ያመሰግናል። እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ የዘለቀ ነገር ነው፣ ምስጋናው አይበዛበትም። ግን እኛ ከተማው ዳር፣ ቱሉ ዲምቱ ያለነውስ?

ማታ ቱሉ ዲምቱ ቆማችሁ እዩ። ከአዳማ ፍጥነት መንገድ የወጣ ሹፌር ከተማ መግባቱን የሚረሳ ይመስለኛል፣ እግሩን ከነዳጁ ላይ አያነሳም። ከኋላው አሸዋ የጫነ ሲኖ ትራክ ጡሩምባውን እየነፋ ይከተላል። ወደ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም የሚገባው ሰው ደግሞ ታክሲ ፍለጋ አስፋልቱን በሩጫ ያቋርጣል። ዜብራው ከለቀቀ ቆይቷል። መብራቱን ተዉት። ትራፊክ ፖሊስ ጠዋት አይጠፋም፤ ሲመሽ ግን ፈልጎ ማግኘት ነው።

ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር የግጭቱ ጉልበት አራት እጥፍ ይሆናል። በከተማችን በመኪና አደጋ ከሚሞተው ደግሞ አብዛኛው እግረኛ ነው።

ሌላው ነገር፣ በድጋፉ ለትራፊክ ፖሊስ የፍጥነት መለኪያ ራዳርም የጠጣ ሹፌር የሚለይ የትንፋሽ መመርመሪያም ይገዛል እንበል። የሌሊት ተረኛውን አበልና የሞተር ሳይክሉን ቤንዚን ማን ይመድባል? ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ዕቃው ቢሮ ውስጥ አቧራ ሊለብስ ነው? (የእኛ ነገር ይታወቃላ!) በጀቱ ከአሁኑ በከተማው ይያዝ። ለጊዜው ግን ከምሽቱ 12 እስከ 4 ሰዓት አንድ ራዳር አደባባዩ ጋ ቢቆምልን እኔ ይበቃኛል።