ሁልጊዜ «ተጠናቀቀ»!

የኮምፒውተር ሳይንስ ትምህርት ክፍላችን ዛሬም አበሰረን፦ «የሰው ሰራሽ አስተውሎት ሥልጠና በተሳካ ሁኔታ ተጠናቀቀ!» መቼ ተጀመረና? ማን ሠለጠነ? በፎቶው ላይ የሚታዩት ኃላፊዎች፣ የታሸገ ውኃና ባነር ናቸው። ተማሪ የለም።

የፕሮግራሚንግ ውድድሩስ? የምዝገባው ማስታወቂያ የተለጠፈው አሸናፊዎቹ ከተሸለሙ በኋላ ነው። የእንግዳውን ተናጋሪማ ስም ያወቅነው ሲሸኙት ነው።

በ1969 እ.ኤ.አ. የኢንተርኔት ቅድመ አያት የሆነው የአርፓኔት መረብ የመጀመሪያ መልእክት ከሎስ አንጀለስ ተነሥቶ ስታንፎርድ የምርምር ተቋም ገባ። ያውም ሁለት ፊደል ብቻ ደርሶ ሲስተሙ ወደቀ። ይህንን ያስተማሩን እነሱው ናቸው! የእነሱ መልእክት ግን ከሁለተኛ ፎቅ ምድር ቤት መውረድ አቃተው። «ላብራቶሪ ውስጥ መብላት ክልክል ነው» የሚለው ሲሆን ግን፣ እንዴት ያለ ፍጥነት! በሩም፣ ግድግዳውም፣ ቴሌግራሙም በአንድ ጀምበር ይሞላል። ለሥልጠናውስ ሁለት ፊደል ቢልኩልን ምን ነበረበት?