ጎመኑን ከመንቀላችሁ በፊት

ባለፈው ሳምንት ሰፈራችን በተደረገው ስብሰባ ላይ አንድ ኃላፊ ተነስተው «ሀዋሳ ከተማ ናት፤ ጎመን የሚያምረው ገጠር ነው» አሉ። ቀጥለውም የጋራ ጓሯችን በ15 ቀን ውስጥ እንዲጸዳ አዘዙ። እንዲጸዳ! ቦታው ቆሻሻ የነበረው እኮ ከጓሮው በፊት ነው። የሞተ ውሻ ሳይቀር የሚጣልበት፣ አፍንጫችንን ይዘን የምናልፈው ቦታ ነበር። ያኔ «ገጽታ ተበላሸ» ያለ ኃላፊ አላየንም።

ጓሮውን ያስጀመረን አንድ የማስተርስ ተማሪ ነው። ስለ ከተማ ግብርና ሊያጠና መጠይቅ ይዞ መጣ። ሞላንለትና ሸኘነው። በሳምንቱ አካፋ ይዞ ተመለሰ። ቆሻሻውን አብረን ጠረግን። የማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ አፈርና ፍግ ሞላን። ቢጫ ጀሪካን ቆርጠን ችግኝ አፈላንበት። ዛሬ ጎመን፣ ቆስጣና ቃሪያ አለን።

ከሁሉም ያናደደኝ «ትንኝ ያራባል» የሚለው ክስ ነው። ሀዋሳ ላይ በወባ አይቀለድም። ግን የወባ ትንኝ እንቁላሏን የምትጥለው የተኛ ውሃ ላይ ነው። ጎመን ሥር ውሃ ቢተኛ ጎመኑ ራሱ ይበሰብስ ነበር። ወባ ያሳሰበው ሰው ከጓሮው ማዶ የተደፈነውን ቦይ ያስከፍት።

ደግሞ ነገሩ የጎመን ብቻ አይደለም። ሰፈራችን ተከራይ ይበዛዋል። ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ የሚሠሩ ልጆች አንዲት ክፍል ለሦስት ለአራት ሆነው ይከራያሉ። ማታ ገብተው ሌሊት ይወጣሉ። እድር የላቸውም። ቢኖራቸውስ? እድር የሚሰበስበን ሰው ሲሞት ነው። ጓሮው ግን በቁማችን አገናኘን። ውሃ የምናጠጣው በተራ ነው፤ ዝርዝሩ አጥሩ ላይ ተለጥፏል። አንድ ማክሰኞ ተረኛዋ ልጅ ቀረች። አንዲት ጎረቤታችን የሆኑ እናት «ይህቺ ልጅ ቀርታ አታውቅም» ብለው በሯን አንኳኩ። በትኩሳት እየነደደች ብቻዋን ተኝታ አገኟት። አብረዋት የሚኖሩት ፈረቃ ላይ ነበሩ። በባጃጅ ጤና ጣቢያ አደረሷት። ያቺ ልጅ ሰፈራችን አንድ ዓመት ኖራለች፤ ስሟን ግን የሚያውቅ አልነበረም። ስሟን ያወቅነው ከዚያ ዝርዝር ላይ ነው። እስቲ ይህን የሚሠራ ሌላ ነገር አሳዩኝ! ስብሰባ አይሠራውም። ለከተማ ውበት ተብሎ የሚተከል ፏፏቴና ባለቀለም መብራትም አይሠራውም።

መንግሥት ራሱ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በሌማት ትሩፋት አትክልት ትከሉ፣ ዶሮ አርቡ ሲለን ከርሟል። ጓሮ የሌለው ተከራይ የት ይትከል? ይህች ከተማ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ የእርሻ ኮሌጅ ይዛ ያደገች ናት። እርሻ ያሳፍራታል ብሎ ማን ነገራቸው?

መሬቱ የመንግሥት ነው፤ አልካድንም። ትምህርት ቤት ይሠራበታል ቢባል በማግስቱ እንለቃለን። «አያምርም» ስለተባለ ግን አንለቅም።

ሐሙስ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ተረኛው እኔ ነኝ። ኃላፊው ይምጡና ያቺን ልጅም እኚያን እናትም ያግኙ። ከዚያ በኋላም መነቀል አለበት ካሉ፣ እኛው ፊት ይንቀሉት።