እርማት፦ የሲጋር ሳጥን ውስጡ በጥድ አይለበጥም

«የሲጋር ማስቀመጫ ሳጥን ቤት ውስጥ ስትሠሩ ውስጡን በሐበሻ ጥድ ልበጡት፤ ሽታው ሲጋሩን ያሳምረዋል» ለሚለው ምክር ነው ይህ መልስ። እዚህ አዳማ እንጨት ሥራ የሚወዱ ልጆች ሲቀባበሉት እሰማለሁ። ትክክል አይደለም።

ጥድ ዘይታም ነው። መላጊያ ሲያልፍበት ቤቱን የሚሞላው ሽታ ደስ ይላል፤ ለቁም ሣጥንም ይሆናል። ሲጋር ግን ሽታ ይስባል። በተዘጋ ሳጥን ውስጥ ሲከርም ጣዕሙ ሁሉ ጥድ ጥድ ይላል፤ መመለሻም የለውም። ለውስጡ የሚሆነው ሴድሬላ ኦዶራታ የሚባለው የላቲን አሜሪካ እንጨት ነው። እሱ የማሆጋኒ ዘመድ ነው፤ ከጥድ ጋር አይገናኝም። ከጠፋ ማሆጋኒ ይበቃል። ውስጡን ቫርኒሽ እንዳይነካው። ውጪውን በዋንዛ ሥሩት፣ ያምራል።

ሌላም ልጨምር። አዲሱን ሳጥን በእርጥብ ጨርቅ አትወልውሉት፤ እንጨቱ ይጣመማል። ሲጋር ከመግባቱ በፊት እንጨቱ ቀስ ብሎ እርጥበት እንዲጠጣ፣ ዲስቲልድ ውሃ (ተንኖ የተጣራ ውሃ) በትንሽ ሳህን አስገቡና ክዳኑን ዘግታችሁ ለአንድ ሁለት ሳምንት ተዉት። በበጋ የአዳማ አየር ደረቅ ነው፤ አትቸኩሉ።

የእርጥበት መለኪያውንም ዝም ብላችሁ አትመኑት። ቆርኪ ላይ ጨው አድርጉ፤ ሊጥ እስኪመስል ጠብ ጠብ እያደረጋችሁ በውሃ አርጥቡት። ከመለኪያው ጋር አየር በማያስገባ ፌስታል ውስጥ አንድ ቀን ይቆይ። 75 በመቶ ማሳየት አለበት። 70 ካለ 5 እየደመራችሁ አንብቡ። ለሲጋር የሚፈለገው እርጥበት ከ65 እስከ 70 በመቶ ነው። ሙቀቱ ከ25 ዲግሪ ካለፈ የትምባሆ ነቀዝ ሊፈለፈል ስለሚችል ሳጥኑን ከመስኮት አርቁት።