ክርክር፦ በ2025 (እ.ኤ.አ.) ኦሃዮ ስቴት ወይስ ሚሺጋን?

ይህ ክርክር የተደረገው የ2025 (እ.ኤ.አ.) የአሜሪካ ኮሌጅ ፉትቦል (ኳስ በእጅ ይዘው የሚሮጡበትና የሚወረውሩበት ጨዋታ) ሊጀመር ቀናት ሲቀሩት ነው። ኦሃዮ ስቴት ያኔ የአምናው ሻምፒዮን ነበር። ሚሺጋን ደግሞ ያንኑ ሻምፒዮን በኦሃዮ ሜዳ የረታ ቡድን ነበር። ሁለት ደጋፊዎች፣ አንዱ ከኦሃዮ ስቴት ከተማ ከኮሎምበስ፣ አንዱ ከሚሺጋን ከተማ ከአን አርበር፣ እንዲህ ተከራክረዋል።

ከኮሎምበስ፦

እኛ ጋ ከሚሺጋን ጋር የምንገጥምበት ሳምንት ሲደርስ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ የሚሺጋን መነሻ የሆነችው «ኤም» (M) የምትባለው ፊደል በቀይ ፕላስተር ትሰረዛለች። የሕንፃ ስም ላይ ያለችው እንኳ አትቀርም። አምና የተሸነፍነው ጨዋታውን ንቀን አይደለም ለማለት ነው።

ዘንድሮ ግን እንበልጣችኋለን። ኳስ ተቀባያችን ጄረማያ ስሚዝ አለና። አምና ገና የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ሳለ 1,315 ያርድ ኳስ ተቀብሎ 15 ታችዳውን (ኳሱን እስከ ሜዳው ጫፍ አድርሶ የሚገኝ ነጥብ) አስቆጠረ። በፍጻሜው ኖተር ዴም እየደረሰብን ነበር። ልባችን ተሰቅሎ ሳለ ልጁ 56 ያርድ የተወረወረለትን ኳስ ይዞ ነገሩን ጨረሰው። 34 ለ 23። ከኋላ መስመር ደግሞ ኬሌብ ዳውንስ አለ። በኔ እምነት እሱን የሚያክል ተከላካይ በኮሌጅ ፉትቦል የለም።

ከአን አርበር፦

ወንድሜ፣ ስሚዝ ጎበዝ ነው፤ አልክድም። ግን አምና ከእኛ ጋር ስንት ያርድ አገኘ? 35።

ያን ቀን እኛ በውርወራ 100 ያርድ እንኳ አልሞላንም። ያሸንፋሉ ያለን ሰው አልነበረም። 13 ለ 10 አሸነፍን። ኳሱ ከመወርወሩ በፊት ግዙፎቹ ግንባር ለግንባር የሚገጥሙበት መስመር አለ። የእኛና የእናንተ ጨዋታ የሚያልቀው እዚያ ነው። ከ2021 ጀምሮ አራት ጊዜ በተከታታይ ያሸነፍናችሁም እዚያው ነው።

ደግሞስ የአምናው ቡድን የት አለ? 14 ተጫዋች የባለሙያዎቹ ሊግ ኤንኤፍኤል ወስዶባችኋል። የመከላከል አሰልጣኛችሁ ጂም ኖውልስ ፔን ስቴት ገባ። የተካው ማት ፓትሪሺያ ኮሌጅ ውስጥ ካሠለጠነ ሃያ ዓመት አልፎታል። ኳርተርባካችሁ (ኳሱን የሚወረውረው መሪ ተጫዋች) ጁሊያን ሴይን በኮሌጅ አንድም ጨዋታ ጀምሮ አያውቅም። የመጀመሪያ ፈተናው ደግሞ ቴክሳስ ነው፣ ኦገስት 30።

ከኮሎምበስ፦

ያ የምትመካበት ግንባርስ? መሀል ላይ ያቆሙን ሜሰን ግራሃምና ኬነት ግራንት ነበሩ። አንዱ በድራፍቱ (የኤንኤፍኤል ቡድኖች በየተራ ተጫዋች በሚመርጡበት) 5ኛ፣ ሌላው 13ኛ ሆነው ሄደዋል። የሄደብን እኛ ብቻ አይደለንም።

የአምናውን ጥፋት ልንገርህ። ስሚዝን የመሰለ ልጅ ይዘን መሀል ለመሀል ግድግዳ ስንገፋ ዋልን። ቴሌቪዥኑ ፊት ቆሜ «ወርውሩለት!» እያልኩ ስጮህ ድምፄ ተዘጋ። አሰልጣኝ ራያን ዴይ ከዚያ በኋላ ተምሯል። ፕሌይኦፍ (የዋንጫው ጥሎ ማለፍ) ላይ ኦሪገንን 41 ለ 21 ስንረታ ስሚዝ ብቻውን 187 ያርድ አገኘ። ኖቬምበር ላይ ስንገናኝ የምታዩት ይህንን ነው።

የእናንተው ኳርተርባክ ብራይስ አንደርውድስ? ገና 18 ዓመቱ ነው። ሁለተኛ ጨዋታው ኦክላሆማ ሄዶ ነው። እዚያ ያለው ጩኸት ልጅ አያሳድግም።

ከአን አርበር፦

የግራሃምና የግራንት ነገር እኔንም ያሳስበኛል፤ አልዋሽህም። ኦክላሆማም ሊያሸንፈን ይችላል። አንደርውድ ግን ተራ ልጅ አይደለም። ከዘንድሮ ገቢዎች በአገሪቱ አንደኛ የተባለው እሱ ነው። ያደገውም እዚሁ ቅርባችን፣ ቤልቪል ነው። ከጀርባው ከአላባማ የመጣው ጀስቲስ ሄይንስ ኳስ ይዞ ይሮጥለታል። ሁሉም ነገር በልጁ ክንድ ላይ አይወድቅም።

ኖቬምበር 29 ሲደርስ 11 ጨዋታ ያየ ኳርተርባክ ነው የሚገጥማችሁ። ያውም በእኛው ሜዳ፣ ከመቶ ሺህ በላይ ሰው ፊት። ልጆቹ ከስታዲየሙ መግቢያ ዋሻ ወጥተው ሰማያዊውን ባነር ዘለው ሲነኩ አንተም ብትሆን ይነዝርሃል። 20 ለ 17፣ ለእኛ።

ከኮሎምበስ፦

ሴይንም እኮ ያኔ 11 ጨዋታ ተጫውቶ ነው የሚመጣው። የሚወረውርለት ደግሞ ለስሚዝ ነው። 27 ለ 17፣ ለእኛ።