ይድረስ ለተከበሩ የፓርቲ ሚኒስትር

ለ፦ ዩኒቨርሲቲያችን ውስጥ ላለው የተማሪዎች ኅብረት የመዝናኛ ኃላፊ
ባሉበት (አብዛኛውን ጊዜ ከድምፅ ማጉያው ጀርባ)
ጉዳዩ፦ ያልገባሁበትን ፓርቲ ይመለከታል

ክቡርነትዎ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔ እዚህ አየርላንድ ሁሉም እንደሚለው «ግራንድ» ነኝ፤ ደህና ነኝ ማለት ነው። ዝናቡም ግራንድ ነው። የቤት ኪራዩም ግራንድ ነው።

ይህን የምጽፍልዎ ዲሴምበር መጀመሪያ ላይ ስላዘጋጁት የገና ፓርቲ ነው። ገናው የእናንተ ነው እንጂ እኛማ ገና ጾም ላይ ነበርን። ቢሆንም «ሁሉም ተማሪ ተጋብዟል» የሚለውን ኢሜይል ደጋግመው ስለላኩልኝ፣ ሁሉም ውስጥ እኔም የምኖር መስሎኝ ትኬት ገዛሁ። 45 ዩሮ። በ2025 እ.ኤ.አ. ዝቅተኛው የሰዓት ክፍያ 13.50 ዩሮ ነበር። በትምህርት ወቅት በሳምንት ከ20 ሰዓት በላይ መሥራት አይፈቀድልንም። እንግዲህ ያቺ ትኬት የሳምንት ደመወዜን ስድስተኛ እጅ በላች ማለት ነው፤ በሳህን አጠባ ሲመነዘር ከሦስት ሰዓት በላይ። የኢንተርኔት ሰልፉን እዚህ አልተርከውም። ሁላችሁም ተሰልፋችሁታል።

አለባበስ፦ ጥቁር ሙሉ ልብስ፣ ግዴታ። እሺ አልኩ። ታላቅ ወንድሜ ሲያገባ የለበስኩትን ልብስ ከሻንጣ አወጣሁ። ጫማ ቀባሁ። ክራቫቴን ያሰረልኝ አብሮኝ የሚኖረው ልጅ «ዛሬስ ሙሽራ መስለሃል» አለኝ።

ሰልፉ አልቆ በሩ ላይ ስደርስ እርስዎ ቆመዋል። ራስዎ ላይ የአጋዘን ቀንድ። አንድ እጅዎ ላይ የመገናኛ ሬዲዮ። ሌላው ክንድዎ ላይ የቢጫ ሰደርያ ክምር፣ ያ በጨለማ የሚያንጸባርቀው። አዩኝ። ከላይ እስከ ታች አዩኝና ፊትዎ በራ። እውነት ለመናገር፣ አንድ የኅብረት መሪ እኔን በማየቱ እንዲህ ደስ ሲለው አይቼ አላውቅም።

«መጣህ! ዘግይተሃል እኮ። ሦስተኛው በር ነው የተመደብከው» አሉና ሰደርያውን ደረቴ ላይ ለጠፉት።

ልኬ ነበር። ይህን አልክድም።

ትኬቴ እኮ እጄ ላይ ነበር! ስልኬ ተከፍቶ፣ ብርሃኑ እስከ ጥግ ተጨምሮ፣ ያ አራት ማዕዘን ኮድ አፍንጫዎ ሥር እያበራ። ከጎንዎ የነበረው እውነተኛው ጥበቃ፣ ናይጄሪያዊ ነው፣ ሳቁን ለመዋጥ ሲታገል ቆየና «ወንድሜ፣ ልበሰው፤ ቢያንስ ይከፈልሃል» አለኝ። እውነቱን ነው። በዚያ ምሽት አትርፎ ቤቱ የገባ ሰው ቢኖር እሱ ነው።

አሁን አንቱታውን ለአፍታ ልተወው። ስማኝ። ሰደርያው አያሳፍርም። የአክስቴ ልጅ ይለብሰዋል፣ በእሱም አገር ቤት ያለ ቤተሰብ ያስተዳድራል። በዚህ ከተማ ሌሊቱን በር ላይ የሚቆመው፣ ቢሮውን የሚያጸዳው፣ አያትህን ደግፎ የሚያስነሳው ማን እንደሆነ አንተም አታጣውም። እኔን ያቃጠለኝ ሌላ ነው። በዚያ ሰልፍ ላይ የነበረው ወንድ ሁሉ ጥቁር ሙሉ ልብስ ለብሶ ነበር። ሁሉም! ልበሱ ያልከው አንተ ነህ። ከዚያ ሁሉ ጥቁር ልብስ መሃል ሠራተኛ የመሰለህ አንድ ሰው ብቻ ነው። ለምን እንደሆነ አንተ ታውቃለህ። እኔም አውቃለሁ። ከኋላዬ የነበሩት ልጆችም ገብቷቸው ነው መሬት መሬት ያዩት። ነገሩ ሲገባህስ ምን አልክ? «አህ፣ ሶሪ! ግራንድ!» ለማን ነው ግራንድ?

ወደ አንቱታችን እንመለስ።

ክቡርነትዎ ከይቅርታው ወደ መታወቂያው ለመሻገር ትንፋሽ እንኳ አልወሰዱም። «መታወቂያ ይዘሃል?» እኔም ያቺን በየዓመቱ 300 ዩሮ እየከፈልን የምናድሳትን የአይ አር ፒ ካርድ፣ የመኖሪያ ፈቃዳችንን፣ አወጣሁ። ወገኖቼ፣ እናንተ ታውቋታላችሁ። ቀጠሮዋን ስንጠብቅ ጢም ያበቀልንባት ናት። እርስዎ ካርዷን ገለበጡ፣ አገላበጡ፣ ለጓደኛዎ አሳዩ፤ ከዚያ «ይቺ እኮ መታወቂያ አይደለችም» አሉ። ክፋቱ ልክ ነዎት። መንግሥትም የሚለው ይህንኑ ነው፦ ካርዷ አገሩ ውስጥ በሕጋዊ መንገድ እንዳለሁ ታረጋግጣለች እንጂ መታወቂያ አይደለችም። 300 ዩሮ ከፍዬ ሕጋዊ ሆኛለሁ፤ መታወቅ ግን በክፍያው ውስጥ አልተካተተም።

የተማሪ ካርዴን አወጣሁ። «የልደት ቀን የለውም» አሉኝ። ከኋላዬ ያለው ልጅ ያንኑ ዓይነት ካርድ ወዝወዝ አድርጎ አለፈ። እኔ 27 ዓመቴ ነው። ፀጉሬ ከፊት በኩል ማፈግፈግ ጀምሯል። ከ18 በታች መስሎት የጠረጠረኝ ሰው ካለ እናቴ ቁጭ ብላ ትመርቀዋለች። ግን ከደቂቃ በፊት እኮ ሦስተኛውን በር ለመጠበቅ ዕድሜዬ ደርሶ ነበር!

ፓስፖርት አምጣ ተባልኩ። ፓስፖርቱ ቤት ነው። ቤቱ ደግሞ ከካምፓሱ ሁለት አውቶቡስ ይርቃል፤ የዚህን አገር ኪራይ ለሚያውቅ ምክንያቱን አላብራራም። በዝናብ ሄድኩ፣ በዝናብ ተመለስኩ። ስደርስ ከምሽቱ አምስት ሰዓት አልፏል። የመጨረሻው መግቢያ አራት ተኩል ነበር። ቀንዱም ሬዲዮውም ውስጥ ገብተው ይጨፍራሉ። በሩ ላይ ናይጄሪያዊው ብቻ ቀርቷል። አየኝና ራሱን ነቀነቀ። «ወንድሜ፣ ሰደርያውን ለብሰኸው ቢሆን ኖሮ አሁን ውስጥ ነበርክ።»

ገንዘቡ አይመለስም። ጠይቄያለሁ።

በማግስቱ ለኅብረቱ ፕሬዝዳንት ጻፍኩ። በደምብ አድርጌ ጻፍኩ፤ የተናደደ ሰው እንግሊዝኛው ይሰላል። መልሱ መጣ። ስለ አስተያየቴ ያመሰግናሉ። አካታችነት የኅብረቱ የልብ ትርታ ነው። የሆነው ነገር «እንደዚያ ተሰምቶኝ ከሆነ» ያሳዝናቸዋል። የሚገርመው፣ ደብዳቤው የተጻፈው ለአባቴ ነው። «ውድ» ብለው የአባቴን ስም ጠርተው ይጀምራሉ። አባቴ ደብረ ብርሃን ነው ያለው። ፓርቲው ላይ አልነበረም፣ «እንደዚያ» የተሰማውም ነገር የለም። ከሥር ደግሞ ቅጽ አለ። ቅጹ መጀመሪያ ዘሬን ይጠይቃል፣ ከዚያ አገልግሎቱን ከአምስት ኮከብ ስንት እንደምሰጠው። መሃል ላይ የሆነውን የምጽፍበት ሳጥን አለ፤ ሁለት ዐረፍተ ነገር ሲሞላው በቀይ ይጮሃል።

ሳምንት ሳይሞላ ሌላ ኢሜይል። ይኸኛው ሞቅ ያለ ነው፣ በቃለ አጋኖ የተሞላ። «የዓለም አቀፍ ምሽት» ደርሷል! ከእኔ የሚጠበቀው ትንሽ ነገር ነው፦ እንጀራ ከነወጡ፣ «ለ60 ሰው ያህል ቢሆን ጥሩ ነው»። በራሴ ወጪ። አንድ እንጀራ እዚህ ስንት እንደሚሸጥ ጠይቀው አያውቁም፤ እኛም ስንገዛ ዓይናችንን ጨፍነን ነው። የቡና ሥነ ሥርዓትም ቢኖር ደስ ይላቸዋል። ከሰል ግን አይፈቀድም። ዕጣንም አይፈቀድም፤ የእሳት ማንቂያው ይጮሃል። ቡናው አዳራሹ ውስጥ አይቆላ፤ ሽታው ምንጣፍ ላይ ይቀራል። የቀረልኝ ረከቦትና ፈገግታ ነው። አምና አንዲት እኅታችን ይህን ሁሉ ብቻዋን ተሸክማ፣ ሌሊቱን ስትጋግር አድራ፣ በማግስቱ ፈተና ተቀምጣለች። የተሰጣት የምስጋና ወረቀት ነው። ፎቶዋ ግን እስከ ዛሬ የኅብረቱ ገጽ አናት ላይ አለ፤ በቀሚሷ፣ በጀበናዋ። ለዚያ ፎቶ የአይ አር ፒ ካርድ የጠየቃት የለም።

የቆየውን ቂሜን በአጭሩ ላራግፍ። ጾመኛ መሆናችንን ነግረናችሁ «ለሁሉም የሚሆን» ብላችሁ ያመጣችሁት የሥጋ ፒዛ። አሥራ ሁለቱን ሐዋርያት በስም የማይጠራ ልጅ፣ በገና ሰሞን በአንድ ምሽት የሚያዳርሳቸውን አሥራ ሁለት መጠጥ ቤቶች በቅደም ተከተል እየጠራ ሌሊት መስኮታችን ሥር መዝፈኑ። ጆሮ ማዳመጫ አድርገን በየራሳችን ዘፈን የምንጨፍርበት ድምፅ አልባ ዲስኮ (ብቸኝነት ከፈለግሁማ ቤቴ በነፃ አለ)።

የኅብረቱን ነገር ግን በአጭሩ አልፈው ዘንድ አንጀቴ አይችልም። እኛ ስለ ተማሪ ማኅበር እየሰማን ያደግነው ሌላ ታሪክ ነው። በየካቲት 1957 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ተማሪ «መሬት ላራሹ» ብሎ አደባባይ ወጣ። ተሳሳተም ተሳካለትም፣ ዙፋን ነቅንቋል። እናንተስ? በየዓመቱ በምርጫ ሰሞን የማይቀረው ቃል ኪዳን ተጨማሪ ማይክሮዌቭ ነው። ማይክሮዌቭ ላሙቂው! እሱም ገና አልመጣም። ሁለተኛ ፎቅ ያለችው አንዷ ብቻ ናት፣ በሯ በፕላስተር ተይዟል፤ የምሳ ሰዓት ሰልፏን እናንተም ቆማችሁባታል።

በነገራችን ላይ፣ የአየርላንድ ተማሪዎች አገር አቀፍ ኅብረትና ስመ ጥሩው የትሪኒቲ ቦል፣ የትሪኒቲ ኮሌጅ ዓመታዊ የጭፈራ ድግስ፣ የተጀመሩት በአንድ ዓመት ነው፤ በ1959 እ.ኤ.አ.። መንታ ናቸው ማለት ይቻላል። የትኛውን መንታ ወተት እያጠጣችሁ እንዳሳደጋችሁ እኔን አትጠይቁኝ።

ሥልጣኑ ቀልድ እንዳልሆነም አውቃለሁ። ማይክል ዲ. ሂጊንስ በጋልዌይ የተማሪዎች ፕሬዝዳንት ነበሩ፤ በኋላ አገሪቱን ለ14 ዓመት በፕሬዝዳንትነት አገለገሉ። ኤመን ጊልሞርም ከተማሪ ኅብረት መሪነት ተነስቶ ከ2011 እስከ 2014 እ.ኤ.አ. ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኗል። ስለዚህ አንድ ዓመት ትምህርት አቁማችሁ፣ ደመወዝ እየተከፈላችሁ የምትቀመጡበት ወንበር መሰላል ነው። እኛ መሰላሉን የምንይዝ ነን። የአገሬው ተማሪ የትምህርት መዋጮ በ2024/25 ከነበረበት 2,000 ዩሮ በ2025/26 ወደ 2,500 ሲገባ ሰልፍ ጠራችሁ። ደግ አደረጋችሁ። እኔም ወጥቼ ጮኬያለሁ። ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የመጣነው የምንከፍለው፣ ዐሥር ሺህን ከዘለለ የቆየው ክፍያ ሲጨመር ግን በራሪ ወረቀት እንኳ አልበተናችሁም። ያን ቀን እናንተ ዘንድ ድምፅ አልባ ዲስኮ ነበር።

አሁን ደግሞ ለፕሬዝዳንትነት ሊወዳደሩ እንደሆነ ሰማሁ። እንኳን ደስ ያለዎት። በቅርቡ ባለቀለም ቲሸርት ለብሰው ክፍላችን ይገባሉ። መምህሩን «አንድ ደቂቃ ብቻ» ብለው አሥር ይወስዳሉ። ከረሜላ ይበትናሉ። «በሬ ለሁሉም ክፍት ነው» ይላሉ። ስለ በር እርስዎ ሲያወሩ ለመስማት ከፊት ወንበር እቀመጣለሁ።

የምርጫ ሥርዓታችሁን ግን ወድጄዋለሁ። እጩዎችን 1፣ 2፣ 3 እያልን በቅደም ተከተል እንመርጣለን። ከሥር ደግሞ ሮን የሚባል አለ። ሮን ሰው አይደለም፤ እነዚህን አልፈልግም፣ ሌላ እጩ ይቅረብልኝ የሚል ሰው ድምፁን የሚሰጥበት ቦታ ነው። ሮን ቃል አይገባም። ሮን ቀንድ አያደርግም። እንደ እኔው መታወቂያ የለውም። ቁጥር 1 የእሱ ነው፣ ሌላ ቁጥር አልጽፍም። የሐበሻ ተማሪዎች ግሩፕ ላይም ቅስቀሳ ጀምሬያለሁ፤ ሕንዶቹና ናይጄሪያዎቹም የራሳቸው ግሩፕ አላቸው። የክፍያ ሰልፉ ላይ ስንት እንደነበርን ቆጥራችሁ ከሆነ ቁጥሩን አታጡትም።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለአባቴ፣ ደብረ ብርሃን
(መልሱ የሚመጣው በእርሱ ስም ስለሆነ ነገሩን ቀድሞ እንዲያውቀው)