ሃያ ዘፈን ለአንድ ሆረር ፊልም ይበዛል

ኦገስት 12 ቀን 2003 ሮድራነር ሬከርድስ የተባለው የሜታል ሙዚቃ አሳታሚ 20 ዘፈን የታጨቀበት ሲዲ ለገበያ አቀረበ (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመቶች በሙሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ከሦስት ቀን በኋላ ሲዲው የተዘጋጀለት ፊልም፣ ሮኒ ዩ የሠራው «ፍሬዲ ቨርሰስ ጄሰን»፣ በአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች መታየት ጀመረ። ከሜታል ቡድኖቹ ስሊፕኖት አለ፣ ኪልስዊች ኢንጌጅ አለ፣ ሴፑልቱራ ከድምፃዊው ማይክ ፓተን ጋር አለ፣ ላምብ ኦፍ ጎድ አለ። ፊልሙን አይቶ ሲዲውን የገዛ ሰው ግን ግራ ይገባዋል። ከ20ዎቹ አብዛኞቹ ፊልሙ ውስጥ ወይ የሉም፣ ወይ ከጀርባ ሽው ብለው ያልፋሉ። ፍርሃቱን የተሸከመው ግሬም ሬቬል ያቀናበረው ማጀቢያ ነው።

«ተታለልን» የሚሉ አድማጮች ያኔም ነበሩ፣ ዛሬም አሉ። በእኔ እምነት ግን ፊልም ሠሪዎቹ ሜታሉን ከአስፈሪው ትዕይንት ማራቃቸው ልክ ነበር። ስህተቱ ያለው ሲዲው ላይ ነው። ሆረር ፊልም ለሄቪ ሜታል የሚሰጠው ቦታ ጥቂት ሆኖ ሳለ፣ አልበሙ የፊልሙ ሙዚቃ መስሎ 20 ዘፈን ይዞ ወጣ።

የሁለቱ ዝምድና የቆየ ነው። ብላክ ሳባዝ የተባሉት የእንግሊዟ በርሚንግሃም ሜታል ተጫዋቾች ስማቸውን የወሰዱት ጣሊያናዊው ማሪዮ ባቫ በ1963 ከሠራው ሆረር ፊልም ነው። የመጀመሪያ አልበማቸውም የወጣው ፌብሩዋሪ 13 ቀን 1970፣ ዓርብ ዕለት ነበር፤ ለፈረንጅ ዓርብና 13 ሲገጣጠሙ ገደ ቢስ ቀን ነው። በስማቸው የተሰየመው የመክፈቻ ዘፈን ሦስት ድምፅ ላይ የቆመ ነው፦ ሶል፣ ከፍ ያለው ሶል፣ ከዚያ ዶ ሻርፕ። ከሶል እስከ ዶ ሻርፕ ያለው ርቀት ሦስት ሙሉ ድምፅ ነው፤ አውሮፓውያን በሰይጣን ስም የሚጠሩት ርቀት።

ታዲያ ይህ ርቀት ለኛ ጆሮ እንግዳ አይደለም። አንቺሆዬን ከዶ ብንጀምረው ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ ይሆናል። ከዶ እስከ ሶል ፍላት ያው ሦስት ሙሉ ድምፅ ነው፤ ሬ ፍላቱም የሜታል ጊታሪስቶች ጨለማ ሲያምራቸው የሚሮጡባት ድምፅ ናት። እኛ ግን በዚህ ቅኝት ሙሽራ እናጅባለን። ስለዚህ ብላክ ሳባዝን የሚያስፈራው የድምፆቹ ርቀት ብቻውን ሊሆን አይችልም። ዝግታው ነው፤ በአንዱ ምትና በሌላው መሃል የተተወው ባዶ ነው። አድማጭ ቀጣዩን ድምፅ እየጠበቀ ትንፋሹን የሚይዘው እዚያ ላይ ነው።

ፍጥነት ሲጨመር ያ ባዶ ይጠፋል። በደቂቃ 200 ምት የሚሄድ ዘፈን ላይ ድራመሩ በሁለት እግሩ እያንዳንዱን ምት ለአራት ሲከፍለው በሰከንድ 13 ጊዜ ያህል ይመታል። ጆሮ ይህን አንድ በአንድ አይቆጥረውም፤ እንደ ዝናብ በቆርቆሮ ይሰማዋል። ኤዲተሩም ምስሉን ከምቱ ጋር ላጣብቀው ቢል አይችልም፣ አንድ ሰከንድ በሚሞሉት 24 ፍሬሞች (ነጠላ ምስሎች) ውስጥ 13 ምት አለና። ድንገተኛ ድንጋጤ ደግሞ ከመምጣቱ በፊት ሁለት ሦስት ሰከንድ ጸጥታ ይፈልጋል። ጩኸት በጩኸት መሃል ቢመጣ ማን ይደነግጣል? ፈጣን ሜታል ያጀግናል፤ ተመልካቹ እየሸሸ ካለው ሰው ይልቅ ቢላዋ ከያዘው ጋር እንዲቆም ያደርገዋል።

ይህን ለማየት በ1985 ጣሊያን የወጡ ሁለት ፊልሞችን ማነጻጸር ይበቃል። አንደኛው የዳሪዮ አርጄንቶ «ፌኖሜና» ነው። አርጄንቶ የአይረን ሜይደንንና የሞተርሄድን ዘፈኖች ፊልሙ ውስጥ አስገባ። የሞተርሄዱ «ሎኮሞቲቭ» የሚጮኸው ሬሳ ከቤት ሲወጣ ነው። ትዕይንቱ ቀዝቃዛ ነው፣ የሚያሳድድም የሚሸሽም የለም፤ ሙዚቃው ግን በሙሉ ጉልበቱ ይጋልባል። ውጤቱ ለቅሶ ቤት በር ላይ መኪናውን አቁሞ ቴፕ የከፈተ ሰው ነው።

ሁለተኛው «ዲሞንስ» ነው፤ ፕሮዲዩሰሩ ያው አርጄንቶ፣ ዳይሬክተሩ ግን ላምቤርቶ ባቫ፣ የማሪዮ ልጅ። (አባት ለሜታል ስም አበደረ፣ ልጅ ዘፈን ተቀበለ።) በርሊን ሲኒማ ቤት ውስጥ ተመልካቾች አንድ በአንድ ወደ አጋንንት ይለወጣሉ። ፍርሃቱን የሚያካሂደው የክላውዲዮ ሲሞኔቲ ሲንተሳይዘር ነው። አክሰፕት የተባለው የጀርመን ቡድን «ፋስት አዝ ኤ ሻርክ»ን ይዞ የሚገባው ግን ሲታደን የቆየው ወጣት ሞተር ሳይክል አስነስቶ፣ የጃፓን ሰይፍ መዝዞ፣ በወንበሮቹ መሃል አጋንንቱን እየመተረ መንዳት ሲጀምር ነው። እዚያ ላይ ፍርሃት አያስፈልግም፤ ተራው የበቀል ነው። ያው ዓይነት ሙዚቃ፣ ያው ፕሮዲዩሰር፣ ያው ዓመት፤ ልዩነቱ ዘፈኑ የገባበት ደቂቃ ነው።

ከቦታው በላይ የሚያስቸግረው የድምፅ ቅንብሩ ነው። የሰው ጩኸት ጉልበቱ ያለው በግምት ከ1,000 እስከ 4,000 ኸርትዝ ባለው ክልል ነው፤ ጆሯችንም በጣም የሚነቃው ከ2,000 እስከ 5,000 አካባቢ ነው። ዲስቶርሽን ያለበት (ድምፁ ሆን ተብሎ የሻከረ) ጊታር ደግሞ ይህንኑ ክልል ከዳር እስከ ዳር ይሞላዋል። ሙዚቃው ከፍ ሲል የተዋናይዋ ጩኸት ይዋጣል። ዝቅ ሲል ጊታሩ ትንኝ ይሆናል፤ ሜታል በዝቅተኛ ድምፅ ሲሰማ ቤዙና ድራሙ ቀድመው ይጠፋሉና የሚተርፈው ጥዝዝታ ነው።

መድኃኒቱ ከአሳታሚው ያለቀለትን ሲዲ መቀበል ሳይሆን ድራም፣ ቤዝ፣ ጊታርና ድምፃዊ ለየብቻቸው የተቀዱበትን ፋይል መጠየቅ ነው። ጊታሮቹ ወደ ግራና ቀኝ ስፒከር ይከፈላሉ፤ የመሃሉ ለንግግርና ለጩኸት ይለቀቃል። ጩኸት በሚመጣበት ቦታ ላይ ከጊታሩ 2,000–3,500 ኸርትዝ አካባቢ 3 ወይም 4 ዴሲቤል ይቀነሳል። ድምፃዊው ከንግግር ጋር ከተጋጨ ይወጣና መሣሪያው ብቻ ይቀራል። ያለቀለት ሲዲ ብቻ በእጅ ካለ ግን ብዙ ማድረግ አይቻልም፤ በተለይ የ2000ዎቹ መጀመሪያ ሜታል ጩኸቱ እንዲበዛ በሊሚተር (የድምፅን ጫፍ በሚገድብ መሣሪያ) ተጨፍልቆ የተዘጋጀ ነው። ሲኒማ ቤት ከአማካዩ ድምፅ በላይ 20 ዴሲቤል ያህል ክፍት ቦታ የሚተወው ለድንጋጤ ነው። የተጨፈለቀ ዘፈን ቦታውን ከመጀመሪያው ሰከንድ ይዞ ስለሚቀመጥ ለድንጋጤው የሚተርፍ የለም።

ወደ ሲዲው እንመለስ። አንድ ዘፈን ፊልም ውስጥ ለመግባት ሁለት ፈቃድ ይፈልጋል፦ አንዱ ከዜማና ግጥሙ ባለመብት፣ ሌላው ከቀረጻው ባለቤት። ከሁለቱ አንዱ እምቢ ካለ ነገሩ አበቃ። አብዛኞቹ ባለመብቶች «ለሌላው ከሚከፈለው አላንስም» የሚል አንቀጽ ያስገባሉና ለአንዱ ዘፈን ዋጋ ሲጨመር የሁሉም አብሮ ይጨምራል። ሲዲ ላይ ብቻ የሚገባ ዘፈን ግን ሌላ ነው። በአሜሪካ ሕግ አንዴ ለሕዝብ የወጣን ዜማ ሌላ ሰው በራሱ ድምፅ ቀድቶ በሲዲ ሊያወጣው ይችላል፤ የተተመነውን ከከፈለ ደራሲውን ማስፈቀድ አይጠበቅበትም። ከምስል ጋር ሲጋባ ነው ፈቃዱ ግድ የሚሆነው። በእንዲህ ያሉ አልበሞች ላይ የሰው ዘፈን በሌላ ቡድን ተሠርቶ የሚበዛበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። በፍሬዲና ጄሰን ሲዲ ላይ ኪማይራ የቢዮርክን «አርሚ ኦፍ ሚ» ሠርቷል። በ1989 ለዌስ ክሬቨን ፊልም «ሾከር» በወጣው አልበም ላይም ሜጋዴዝ የአሊስ ኩፐርን ዘፈን ተጫውቷል።

ሒሳቡን እንየው። በ2003 በአሜሪካ የተደነገገው ክፍያ እስከ 5 ደቂቃ ለሚረዝም ዘፈን በእያንዳንዱ ቅጂ 8 ሳንቲም ነበር። በ20 ዘፈን ሲባዛ ለዜማና ግጥም ባለመብቶች ብቻ በአንድ ሲዲ 1 ዶላር ከ60 ሳንቲም ይወጣል። አሳታሚዎች ከራሳቸው ሙዚቀኞች ጋር በሚፈርሙት ውል ይህ ክፍያ ወደ ሦስት አራተኛ፣ ማለትም ወደ 6 ሳንቲም፣ ዝቅ ማለቱ የተለመደ ነው። ስለዚህ አሳታሚ በራሱ ቤት ባሉ ቡድኖች ሲሞላ ይረክሳል፤ ማስታወቂያውንም በነፃ ያገኛል። የሮድራነሩን ዝርዝር ብታዩት ኢል ኒኞ፣ ኪልስዊች ኢንጌጅ፣ ስፓይንሻንክ፣ ስሊፕኖት፣ ኪማይራ፣ መርደርዶልስ፣ ስቶን ሳወር፣ ዴቪልድራይቨር፣ ታይፕ ኦ ኔጋቲቭ የቤቱ ልጆች ናቸው፤ ግማሽ ሊሞላ ምንም አልቀረውም። ነውር የለውም፣ ንግድ ነው። ገዢው ግን የፊልም ማጀቢያ ነው ብሎ የገዛው የአሳታሚ ናሙና መሆኑን ሽፋኑ ላይ ቢያነብ ጥሩ ነበር።

ውል ከዚህም የባሰ ነገር ይሠራል። በ2002 ለወጣው የቫምፓየር ፊልም «ኩዊን ኦፍ ዘ ዳምድ» ዘፈኖቹን የጻፉት ኮርን የተባለው ቡድን ድምፃዊ ጆናታን ዴቪስና ሪቻርድ ጊብስ ናቸው። ፊልሙ ውስጥ ቫምፓየሩ ሌስታት አፉን ሲከፍት የሚሰማው የዴቪስ ድምፅ ነው። አልበሙን ያወጣው ግን ዋርነር ሲሆን ዴቪስ በውል የታሰረው ለሶኒ ነበር፤ ስለዚህ አልበሙ ላይ መዝፈን አልቻለም። አምስቱን ዘፈን አምስት ሰው ተካፈላቸው፦ ዌይን ስታቲክ፣ ዴቪድ ድሬማን፣ ቼስተር ቤኒንግተን፣ ማሪሊን ማንሰንና ጄይ ጎርደን። አንድ ገጸ ባሕርይ ሲኒማ ቤት በአንድ ጉሮሮ ዘፍኖ ቤት ሲገባ አምስት ጉሮሮ አወጣ። አልበሙ መጥፎ አይደለም፤ የፊልሙ አልበም ግን አይደለም። ስቲቨን ኪንግ በ1986 ለራሱ ፊልም ኤሲ/ዲሲ የተባለውን ቡድን ብቻ ይዞ ዘጠኝ ዘፈን ያለው አልበም ሲያወጣ ከእንዲህ ያለው ጣጣ ድኗል፤ አዲሶቹ ሦስት ብቻ ነበሩ፣ ከእነሱም ሁለቱ ያለ ድምፃዊ።

የተለያዩ ቡድኖችን በአንድ ዲስክ ማሰለፍም የራሱ ጥበብ አለው፣ ብዙ ጊዜም የሚበላሸው እዚህ ነው። እያንዳንዱ ዘፈን ከሌላ ስቱዲዮ፣ በሌላ ሰው እጅ ተሠርቶ ይመጣል። የተለመደው ጥፋት ዝቅ ያለውን ዘፈን በሊሚተር ገፍቶ ከጮኸው ጋር ማስተካከል ነው፤ ቀድሞ የተጨፈለቀ ድምፅ ሁለተኛ ሲጨፈለቅ የድራሙ ምት ካርቶን እንደመምታት ይሆናል። ትክክለኛው ጯሂውን 1 ወይም 2 ዴሲቤል ዝቅ ማድረግ ነው። ልኬቱም የሚወሰደው በዘፈኑ ኃይለኛ ክፍል እንጂ በጸጥተኛው መግቢያ አይደለም። ከዚያ ቅኝቱ ይታያል፤ ጊታሩ እስከ ዶ የወረደ ዘፈን ካለቀ በኋላ በመደበኛው ሚ የተቃኘ ቢከተል፣ ጥሩ ዘፈን እንኳ ቢሆን ቀጭን ሆኖ ይሰማል። ሁለቱን ለማለያየት ቀስ ብሎ የሚጀምር ሦስተኛ ዘፈን መሃል ይገባል፣ ወይም በመካከላቸው ያለው ጸጥታ ከግማሽ ሰከንድ ወደ ሦስት ይረዝማል።

20 ዘፈን በአማካይ 3 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ ቢሆን 76 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ይሆናል። ከ80 ደቂቃው ሲዲ ውስጥ ይገባል፤ ጆሮ ግን ከዘጠነኛው ዘፈን በኋላ አይለይም፣ ሁሉም አንድ ግድግዳ ይሆናል። 12 ዘፈን 46 ደቂቃ ነው፤ ክፍያውም ከ1 ዶላር ከ60 ወደ 96 ሳንቲም ይወርዳል። ለሸክላ የሚዘጋጅ ከሆነ በአንድ ገጽ 23 ደቂቃ ይደርሰዋል፤ ጠበብ ይላል፣ ድምፁን ትንሽ ዝቅ አድርጎ ግን ይቀረጻል።

በሸክላ ላይ የዘፈኖቹን ቅደም ተከተል ዲስኩ ራሱ ይወስናል። መርፌው ዳር ላይ ሲጀምር ጎድጓዳው ከሥሩ በሰከንድ 50 ሳንቲሜትር ያህል ይሮጣል፤ መለያው ወረቀት አጠገብ ሲደርስ ወደ 21 ይወርዳል። የሲምባል ፉጨትና ፈጣን የእግር ድራም እዚያ ሲደርሱ ይሻክራሉ፣ ይጠፋሉ። ስለዚህ የማሳደዱ፣ የሞተር ሳይክሉ፣ የሰይፉ ዘፈን ገጹን ይከፍታል። መጨረሻ ላይ፣ መርፌው ወደ መሃል ሲጠጋ፣ ያ ሶል፣ ሶል፣ ዶ ሻርፕ ዓይነቱ ይገባል፤ ቀርፋፋው፣ በምቱ መካከል ባዶ ያለው።